ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚያስተካክለው ሠንጠረዥ እንዴት ይሠራል?

ሠንጠረዥ ስንሠራ አብዛኞቻችን የምናስበው ለዓይን ነው። መስመሩ ይስተካከል፣ ቀለም ይቀባ፣ ርዕሱ መሃል ይሁን፣ በቃ። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ግን ሁልጊዜ እንደኛ አያየውም። ማየት የተሳነው ሰው በስክሪን ሪደር ይሰማዋል፤ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል ማለት ነው። ማውዝ መጠቀም የማይችል ሰው በኪቦርድ ብቻ ይሠራል። ሌላው በስልክ ከፍቶ እያጎላ ያነባል። ከእናንተ በኋላ ፋይሉን ተረክቦ አዲስ ቁጥር የሚያስገባ ባልደረባም አለ። እነዚህን ሰዎች ሁሉ የሚያስቸግራቸው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ራስጌ (ከላይ የሚጻፈው የዓምዱ ስም) የሌለው ዓምድ፣ የተጣመረ ሴል (አንድ የተደረጉ ሳጥኖች)፣ በቀለም ብቻ የተነገረ መረጃ፣ አንድ ሴል ውስጥ የታጨቀ ሦስት ነገር። ስለዚህ ሠንጠረዡን ተደራሽ ለማድረግ የምትደክሙት ድካም ነገ ለማስተካከልም ያቀለዋል።

መጀመሪያ ስክሪን ሪደር ምን እንደሚል እንስማ። የዕቃ ዝርዝር ያለበት ድረ ገጽ ተከፍቷል እንበል። ዓምዶቹ ዕቃ፣ ብዛት፣ የገባበት ቀን እና ሁኔታ ናቸው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ቲ የምትለዋን ፊደል ሲነካ ቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ ይዘላል። ከዚያ ኮንትሮልና ኦልት ይዞ በቀስቶቹ ከሴል ወደ ሴል ይሄዳል። ሠንጠረዡ በትክክል ከተሠራ «ብዛት፣ ዓምድ 2፣ 40» የሚል ይሰማል። ራስጌው በትክክል ካልተሠራ የሚሰማው «ዓምድ 2፣ 40» ብቻ ነው። 40 ምን? ወንበር ነው፣ ኪሎ ነው፣ ቀን ነው? ከላይ ያለውን ለማወቅ ወደ ላይ መውጣት፣ የሰማውን በቃል መያዝ፣ መመለስ አለበት። ሃምሳ ረድፍ ላይ ይሄን አስቡት።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ

ሠንጠረዥን ስክሪንሾት አድርጎ በቴሌግራም መላክ ቀላል ነው፤ ግን ፎቶው ውስጥ ያለው ቁጥር ለስክሪን ሪደር ሠንጠረዥ አይደለም። አይፈለግም፣ አይደመርም፣ አይስተካከልም። ተቀባዩ ቁጥሮቹን ከፈለጋቸው እንደገና ቁጭ ብሎ መልቀም አለበት፤ ስህተት የሚገባውም እዚያ ላይ ነው። ፋይሉን ራሱን ወይም ሊንኩን ላኩ። ፎቶው የግድ ካስፈለገ ፋይሉን አብራችሁ አያይዙ።

ደረጃ 2፦ አንድ ረድፍ ለአንድ ነገር፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ዓይነት መረጃ

ይሄ መሠረቱ ነው። አንድ ረድፍ አንድ ዕቃ ነው፤ ከታች ያለው ረድፍ ሌላ ዕቃ። «ብዛት» የሚለው ዓምድ ውስጥ ብዛት ብቻ ይግባ። «40 (5ቱ የተሰበሩ)» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሴሉ ቁጥር መሆኑ ቀረ፤ ድምር ስትሠሩ ይዘለላል። ለተሰበሩት የራሳቸውን ዓምድ ስጧቸው።

ሠንጠረዡ ከመጀመሪያው ሴል፣ ከኤ 1 ይጀምር። ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ሺቱን ሲከፍት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ከላይ ሦስት ባዶ ረድፍ፣ ከግራ ሁለት ባዶ ዓምድ ትታችሁ መሃል ላይ ካስቀመጣችሁት እየዳበሰ ሊፈልገው ነው። ለማሳመርም ብላችሁ መሃል ላይ ባዶ ረድፍ አታስገቡ። የሚያዳምጠው ሰው አለቀ ብሎ ሊያቆም ይችላል፤ ኤክሴልም ፊልተር (ማጣራት) ወይም ሶርት (መደርደር) ሲያደርግ ክልሉን በራሱ ከገመተ ባዶው ረድፍ ላይ ያቆማል። ክፍተት ከፈለጋችሁ የረድፉን ቁመት ጨምሩ።

በአንድ ሺት ላይ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ይኑር። ጎን ለጎን ሁለት ሠንጠረዥ ካለ አንዱ ላይ ረድፍ የሰረዘ ሰው የሌላውንም ሊሰርዝ ይችላል፤ ሳያውቀው። የሺቶቹንም ስም ቀይሩ። «ሺት 1» ምንም አይልም፤ «የዕቃ ዝርዝር» ይላል።

ደረጃ 3፦ ራስጌውን በትክክል አሳውቁ

የመጀመሪያውን ረድፍ ማወፈር ራስጌ አያደርገውም። ለእናንተ ዓይን ነው እንጂ ለፕሮግራሙ ተራ ረድፍ ነው። ኤክሴል ላይ መረጃው ውስጥ ቆማችሁ ኮንትሮልና ቲን ተጫኑ፤ ሠንጠረዡ ራስጌ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አይታችሁ እሺ በሉ። ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ይቀልላል። ወደ ታች ስትወርዱ ከላይ የኤ፣ ቢ፣ ሲ ፊደላት ቦታ ላይ የራስጌው ስም ይመጣል። ከመጨረሻው ረድፍ ሥር አዲስ ነገር ስትጽፉ ሠንጠረዡ ራሱን ያሰፋል። አንድ ሴል ላይ የጻፋችሁት ፎርሙላ ዓምዱን ሙሉ ይሞላል። «ቴብል ዲዛይን» የሚለው ላይ ገብታችሁ ለሠንጠረዡ ስም ስጡት፤ ስሙ ውስጥ ክፍተት አይፈቀድም።

ጉግል ሺትስ ላይ ከሆናችሁ ከ«ቪው» ሥር «ፍሪዝ» የሚለውን አግኝታችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ እንዲቆም አድርጉ። ከ«ፎርማት» ሥር ወደ ሠንጠረዥ የሚቀይር ትእዛዝም አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ራስጌው አጭርና ግልጽ ይሁን፤ መለኪያውንም ይያዝ። «ክብደት በኪ.ግ» ካላችሁ ሴሎቹ ውስጥ 12 ብቻ መጻፍ ይበቃል። ሁለት ዓምድ አንድ ዓይነት ስም አይኑረው። ባዶ ራስጌም አትተዉ፣ ተራ ቁጥር ላይ እንኳን።

ደረጃ 4፦ የተጣመሩ ሴሎችን ፍቱ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርርበት ይሄ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ጠንከር ያልኩት ለዚያ ነው። ሜርጅ የተደረገ ሴል ለዓይን ያምራል። «መጋዘን 1» ብሎ አምስት ረድፍ የያዘ አንድ ትልቅ ሴል ከጎኑ ያሉት አምስቱ ዕቃዎች የማን እንደሆኑ ወዲያው ያሳያል። ግን ሴሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የተቀመጠው የላይኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ባዶ ናቸው። ፊልተር አድርጋችሁ መጋዘን 1ን ብትመርጡ አንድ ዕቃ ብቻ ይወጣል፤ አራቱ ይቀራሉ። ሶርት ለማድረግ ብትሞክሩ ኤክሴል የተጣመሩት ሴሎች ሁሉ እኩል መጠን ይኑራቸው ብሎ እምቢ ይላል። በድምፅ የሚሰማው ሰው ደግሞ አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንዳለ አያውቅም።

አፈታቱ እንዲህ ነው፦
ዓምዱን ምረጡና «ሆም» ላይ ካለው ሜርጅ ሥር «አንሜርጅ» በሉ።
ዓምዱ እንደተመረጠ ኮንትሮልና ጂን ተጫኑ፣ «ስፔሻል» ውስጥ ባዶ ሴሎችን የሚመርጠውን ምረጡ። ባዶዎቹ ብቻ ይመረጣሉ።
ምንም ሳትነኩ እኩል ይሆናል ምልክት ጻፉ፣ የላይ ቀስት አንዴ ንኩ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኢንተርን አብራችሁ ተጫኑ። እያንዳንዱ ባዶ ከላዩ ያለውን ይወስዳል።
በመጨረሻ ዓምዱን ኮፒ አድርጋችሁ እዚያው ላይ ቫልዩ ብቻ ፔስት አድርጉ። ይሄን ከረሳችሁ ሶርት ስታደርጉ ሁሉም ይምታታል።

«መጋዘን 1» አምስት ጊዜ መደጋገሙ ያስጠላል የሚል አለ። ይደጋገም። እያንዳንዱ ረድፍ ብቻውን ቢነበብ ትርጉም መስጠት አለበት። ርዕስ መሃል ላይ እንዲሆን ብቻ ከሆነ ያጣመራችሁት፣ ኤክሴል ሳያጣምር በተመረጡት ሴሎች መሃል የሚያስቀምጥ የአሰላለፍ ምርጫ አለው፤ ፎርማት ሴልስ፣ አላይንመንት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሁለት ፎቅ ራስጌም የዚሁ ዘመድ ነው። ከላይ «2024»፣ ከሥሩ «ግማሽ ዓመት 1» እና «ግማሽ ዓመት 2» ከሚሆን በአንድ ረድፍ «2024 ግማሽ ዓመት 1» ብላችሁ ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ሴሉ ውስጥ የሚገባውን ተቆጣጠሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሠንጠረዥ የሚበላሸው በአብዛኛው ቀስ በቀስ ነው፤ አንዱ አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ሌላው ሌላ።

በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች የራሳችን ፈተና አለን። «ሥራ ላይ» እና «ስራ ላይ» ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። ፊልተሩ ውስጥ ሁለቱም ለየብቻ ይመጣሉ፤ ፎርሙላው አንዱን ቆጥሮ ሌላውን ይተወዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉበት ቃል ሁሉ እንደዚሁ ነው። ከኋላ የቀረች አንዲት ክፍተትም ሁለት ታደርጋቸዋለች። መፍትሔው ሰውን መገሠጽ አይደለም፤ ድሮፕዳውን ነው። «ዳታ» ውስጥ «ዳታ ቫሊዴሽን» የሚለውን ክፈቱ፣ ሊስት የሚለውን ምረጡ፣ ምርጫዎቹን ስጡት፤ ጉግል ሺትስም ላይ እዚያው «ዳታ» ሥር አለ። ከዚህ በኋላ «ሁኔታ» ዓምድ ላይ የሚጻፈው ከተዘጋጀው ውስጥ ብቻ ይሆናል። ኤክሴል ላይ ኦልትና የታች ቀስት ሲነካ ዝርዝሩ ስለሚከፈት በኪቦርድ የሚሠራውም አይቸገርም። የሰው ስም ግን በድሮፕዳውን አይሆንም፤ «ኃይሉ»ንና «ሀይሉ»ን አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳውቃችሁ መለያ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ መለያ ቁጥር የሚባል ዓምድ ከመጀመሪያው ይኑራችሁ።

ስልክ ቁጥርና መለያ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» አድርጉት። አለበለዚያ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይይዝ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፤ ያኛው ተመልሶ አይገኝም።

ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። 03/04/2025 ለአንዱ ኤፕሪል 3፣ ለሌላው ማርች 4 ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ 2025-04-03 ጻፉ፤ ዓለም አቀፉ ደረጃም ይሄው ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም። በእኛ አቆጣጠር የምትጽፉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 2017-02-15 ብትሉት የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበላል፤ 2017-02-30 ስትሉት ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጳጉሜንንማ አያውቃትም። ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ዓምዱን መጀመሪያ «ቴክስት» አድርጉ፣ ወርና ቀኑን በሁለት አሃዝ ጻፉ፣ ራስጌው ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በሉ። ያኔ ጽሑፍም ሆኖ በትክክል ይደረደራል። የቀን ልዩነት ማስላት ካስፈለገ የፈረንጁን ቀን በሌላ ዓምድ ያዙ።

ኤክሴል ሳይጠየቅ ቀን ማድረጉ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚባሉ የሰው ጂኖችን በየምርምሩ ፋይል ውስጥ ወደ ቀን ሲቀይራቸው ኖሮ፣ ለጂኖች ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ማርችኤፍ 1 እና ሴፕቲን 1 ብሎ ስማቸውን ለመለወጥ ተገደደ።

ባዶ ሴልስ? ባዶ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ዜሮ ነው? አልተጠየቀም? አይመለከተውም? ዜሮ ከሆነ 0 ጻፉ። ካልታወቀ «አልታወቀም» በሉ፣ ወይም የቁጥር ዓምድ ከሆነ ባዶውን ትታችሁ ምክንያቱን አጠገቡ ባለ «ማስታወሻ» ዓምድ አስቀምጡ። በድምፅ የሚሰማው ሰው ባዶ የሚል ብቻ ነው የሚሰማው፤ የረሳችሁት ይሁን ሆን ብላችሁ የተዋችሁት አያውቅም።

ደረጃ 6፦ ቀለም ብቻውን አይናገር

ቀይ ረድፍ ያለቀ፣ አረንጓዴ ያለ ማለት ከሆነ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ምንም አላገኘም። ስክሪን ሪደሩም ቢሆን ቀለሙን አንብቡልኝ ካልተባለ ዝም ይላል። ጥቁርና ነጭ ሲታተምም ይጠፋል። ደግሞ ፎርሙላ የሚሠራው በቀለም ሳይሆን በተጻፈው ነገር ስለሆነ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ ክፈቱና «አልቋል»፣ «አለ» ብላችሁ ጻፉ። ቀለሙን ከዚያ በኋላ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ቃሉን ተከትሎ ራሱ እንዲመጣ አድርጉ፤ በእጅ መቀባት ይቀራል።

ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አታድርጉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብሊውካግ የሚባለው፣ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። የግዕዝ ፊደል ደቃቅ ሲሆን ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ይግባ ብላችሁ ፊደሉን ከማሳነስ ዓምድ ቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ለሚቀጥለው ሰው አመቻቹ

አዲስ ረድፍ የማይጨመርበት ሺት ከሆነ ፎርሙላ ያለባቸውን ሴሎች ቆልፉ፣ የሚሞሉትን ክፍት ተዉ፤ የተጠበቀ ሺት ላይ ሠንጠረዡ ራሱን አያሰፋም። ኤክሴል ላይ መጀመሪያ የሚሞሉትን ሴሎች ከፎርማት ሴልስ ውስጥ «ሎክድ» የሚለውን አንሱላቸው፣ ከዚያ ከ«ሪቪው» ላይ ሺቱን ጠብቁ። ድምሩን ከመረጃው ጋር አትቀላቅሉ፤ በየመሃሉ «ንዑስ ድምር» የሚል ረድፍ ካለ አንድ ሰው ሁሉንም ሲደምር ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ድምሮች በሌላ ሺት ላይ ይሁኑ።

«ማብራሪያ» የሚል አንድ ሺት ጨምሩ። እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚይዝ፣ መረጃው ከየት እንደመጣ፣ መጨረሻ መቼ እንደታደሰ በጥቂት መስመር ጻፉ። ኮሜንት ውስጥ የተደበቀ ማብራሪያ ብዙ ሰው አያገኘውም።

ፋይሉን በአዲሱ የኤክሴል ፎርማት (.xlsx) አስቀምጡ። አሮጌው (.xls) 65,536 ረድፍ ላይ ያልቅበታል፤ አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ቆጠራው ውጭ የቀሩት መረጃው በአሮጌው ፎርማት ሲተላለፍ ትርፉ ስለተቆረጠ ነው። የነዚህን ሰዎች ንክኪ መፈለግም በዚያው ዘገየ።

ደረጃ 8፦ ወርድ ላይና ድረ ገጽ ላይ

ወርድ ላይ ሠንጠረዡን ከ«ኢንሰርት» አስገቡ፤ በታብና በክፍተት እየገፉ ዓምድ ማስመሰል ሠንጠረዥ አይሆንም። የላይኛውን ረድፍ መርጣችሁ ከ«ሌይአውት» ላይ ራስጌው በየገጹ እንዲደገም የሚያደርገውን ንኩ። ሠንጠረዥ ውስጥ ሠንጠረዥ አታስገቡ።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ደግሞ የራስጌ ሴሎችን በቲዲ ሳይሆን በቲኤች ጻፉ፤ ለዓምድ ራስጌ ስኮፑን ኮል፣ ለረድፍ ራስጌ ሮው አድርጉ። የሠንጠረዡን ርዕስ በካፕሽን ስጡ። መጀመሪያ ላይ ያልነው «ብዛት፣ ዓምድ 2፣ 40» የሚመጣው ከዚህ ነው። ገጽ ለማስዋብ ብቻ ሠንጠረዥ አትጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን እዩ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች ውስጣቸው የላቲን ፊደል ሆኖ ላያቸው ብቻ አማርኛ ይመስላል። እንደዚህ ያለ ፋይል ዛሬም ከድሮ ኮምፒውተር እየወጣ ይመጣል። ስክሪን ሪደር ሲያነበው ትርጉም የሌለው ነገር ነው የሚሰማው፤ ፍለጋም አያገኘውም። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተዝረከረከ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ስታስቀምጡም ከዝርዝሩ ውስጥ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። ሌላኛውን ከመረጣችሁ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዋናውን ፋይል ከዘጋችሁት ደግሞ መመለሻ የለውም።

ደረጃ 10፦ ከመላካችሁ በፊት ሞክሩት

ኤክሴልና ወርድ «ሪቪው» ላይ ተደራሽነትን የሚፈትሽ ቁልፍ አላቸው። የተጣመሩ ሴሎችን፣ የጎደለ ራስጌን፣ የደበዘዘ ጽሑፍን እየነቀሰ ያሳያችኋል። ሁሉን አያይም፤ «ሁኔታ» የሚለው ራስጌ ግልጽ ይሁን አይሁን አያውቅም።

ስለዚህ ማውዙን ወደ ጎን አድርጉና በኪቦርድ ብቻ አንድ አዲስ ረድፍ ሙሉ። ከዚያ ስክሪን ሪደር ክፈቱ። ዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤን በነጻ አውርዱ፤ አፕል ዕቃዎች ላይ ቮይስኦቨር፣ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ አብሮ ይመጣል። ዓይናችሁን ጨፍኑና መሃል ላይ ያለ አንድ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ አዳምጡ። የምን ዕቃ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ ከሰማችሁት ብቻ ለሌላ ሰው መናገር ከቻላችሁ ላኩት። ካልቻላችሁ የጠፋባችሁ የትኛው ዓምድ ላይ እንደሆነ ያዙና እሱን አስተካክሉ፤ ብዙውን ጊዜ ራስጌው ነው።